ለእኔ ብለህ አታምጣው

ልጄ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ሃኖይ ያለው የሰሊጥ ደንበኛህ ሕመሜን ሰምቶ ጣት የምታህል የአውራሪስ ቀንድ ሊሰጥህ እንዳሰበ፣ አንተም «ለጋሼ መድኃኒት ከሆነ ምን ከፋው?» ብለህ እንደጠየቅኸኝ አነበብኩ። ማሰብህ አንጀቴን በላው። ደንበኛህም መልኬን ሳያውቅ ለእኔ ማዘኑ የደግ ሰው ሥራ ነውና አመስግንልኝ። ቀንዱን ግን አትቀበለው። ለእኔ ብለህ አታምጣው። በስልክ ልነግርህ አሰብኩና ነገሩ ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩልህ። ነገር ሳላጣራ የማልተው ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ። ዓመቶቹን የምጠራልህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። የአውራሪስ ቀንድ የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ነገር ነው። ጥፍርህም፣ ጸጉርህም፣ የፈረስ ሰኮናም ከዚያው ነው የተሠራው። ቢፈጩት፣ በሞቀ ውሃ ቢበጠብጡት ያው ጥፍር ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሉ የለ? ሆፍማን-ላሮሽ የተባለው የስዊስ መድኃኒት አምራች በ1980ዎቹ መርምሮት አንዳች ፈዋሽ ነገር አላገኘበትም። ቻይናውያን በጥንቱ ሕክምናቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ትኩሳት ያበርዱበት ነበር። ይህን አላቃልልም፤ እኛም ከአባቶች የወረስነው ብዙ መድኃኒት አለን። ግን እነሱው ራሳቸው በ1993 ንግዱን ከልክለው ቀንዱን ከመድኃኒት መዝገባቸው ሰረዙት፤ ሐኪሞቻቸውም በውሃ ጎሽ ቀንድ ተኩት። ካንሰር ያድናል የሚለው ደግሞ በጥንቱ መጽሐፋቸው እንኳ የለም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቬትናም የተነዛ ወሬ ነው። አንድ ባለሥልጣን ቀንድ ወስዶ ከካንሰር ዳነ ተባለ። የባለሥልጣኑን ስም የጠራ፣ ያከመውን ሐኪም ያሳየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለወሬ የለው ፍሬ።

ሕመም የጸናበት ሰው ፍሬውን ከገለባው የሚለይበት ጊዜ የለውም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰሜን ቬትናም ውስጥ ቀንድ የተጠቀሙ ሰዎችን ቀርበው አነጋግረው በ2018 ያሳተሙትን አገኘሁ። አንዳንዶቹ ለሞት ለተቃረበ ዘመዳቸው ቀንድ የሰጡት ይድናል ብለው ብቻ አልነበረም፤ «ያላደረግንልህ ነገር የለም» ለማለት ነው። ይህን ሳነብ ማንንም ልወቅስ አልቻልኩም። እኛስ ከጸበል ጸበል ስንዞር፣ ላምና በሬ ሸጠን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንንከራተት ምን እያልን ነው? አንተም ይህን ቀንድ ስታስብ ለእኔ ልታለው የፈለግኸው ይኸው እንደሆነ ገብቶኛል። እንግዲያው የሚያስፈልገኝን ልንገርህ። ሐኪሙ ያዘዘልኝ መድኃኒት ከገበያ እንዳይጠፋብኝ ከአዲስ አበባ እያፈላለግህ ላክልኝ። ቀጠሮዬ ከፍልሰታ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ሥራህን አቁመህ አብረኸኝ ዋል። ውጤቱን ለብቻዬ መስማት አልፈልግም።

ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ያልታመመው ገዢ ነው። ቀንድ ከሚገዛው ሰው ብዙው በሽተኛ አይደለም። ሀብት የደረሰለት ነጋዴ ነው። ሲጠጣ አምሽቶ ስካሩን ያበርድልኛል ብሎ ቀንድ በሸካራ ሳህን ላይ ፍቆ በውሃ ይጠጣዋል፤ ጓደኞቹም ያዩታል፤ እንዲያዩትም ነው። ለአለቃው ይሰጣል፣ ውል ለሚፈራረመው ሰው ይሰጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው። አንተ ሰሊጥ ሲወደድ ገዢ እንደሚሸሽ ታውቃለህ፤ በዚህ ገበያ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ዋጋው በናረ ቁጥር ስጦታው ይከብራል፤ ውድነቱ ራሱ ገዢ ይጠራል። በ2012 ገደማ በኪሎ እስከ 60,000 ዶላር ይጠራ ነበር፤ ከወርቅ ጋር ይፎካከር ነበር ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ እንስሳው ከምድር ሲጠፋ ዋጋው ጣሪያ ይነካል ብሎ ዛሬ ገዝቶ የሚያከማች ሰው አለ። የአንድ ፍጥረት መጥፋት ትርፍ ሆኖ የተጻፈበት መዝገብ ሲያስቡት ይከብዳል።

አሁን ቁጥር ልስጥህ፤ ነጋዴ ነህና ቁጥር ታነባለህ። በደቡብ አፍሪካ በ2007 በሕገ ወጥ አዳኞች የተገደሉት አውራሪሶች 13 ነበሩ። በ2008 83 ሆኑ። በ2010 333። በ2013 1,004። በ2014 1,215። በሰባት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? እዚያ ያለው ክሩገር ፓርክ ያው ክሩገር ነው። ጠመንጃውም ያው ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሞዛምቢክ ገጠር ድህነትም የቆየ ነው። የተለወጠው የገዢው ኪስ ነው። የቬትናም ኢኮኖሚ አደገ፤ ማደጉ ደግ ነገር ነው፤ ያ ሕዝብ በጦርነት ያየው መከራ ቀላል አልነበረም። ግን ከዕድገቱ ጋር ማግኘቱን የሚያሳይበት ነገር የሚፈልግ ሰው በረከተ፤ ያቺ የካንሰር ወሬም የተነዛችው በዚያው ሰሞን ነው። ክሩገር በ2010 ከ10,000 በላይ ነጭ አውራሪስ ነበረው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲቆጠር 3,000 አልሞላም። በ2024 በመላው ደቡብ አፍሪካ የተገደሉት 420 ናቸው፤ ቀነሰ ይባላል። ጥበቃው ስለበረታ ቀንሷል፤ የሚገደለውም ስላለቀ ቀንሷል።

ገዢ ሲበረታ ሕጉንም ይጠመዝዘዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፈቃድ ማደን ይቻላል፤ አዳኙ የገደለውን ቀንድ ለመታሰቢያ ይዞ ወደ አገሩ መሄድ ይፈቀድለት ነበር። ታዲያ አንድ የታይላንድ ሰው ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ ሴቶችን በገንዘብ እያመጣ፣ በስማቸው ፈቃድ እያወጣ፣ ሌላ ሰው በገደለው አውራሪስ አጠገብ እያቆመ ፎቶ ያስነሳቸው ነበር። ቀንዱ በሕግ ወጥቶ እስያ ሲደርስ ገበያ ይገባል። በ2012 40 ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላ በይግባኝ ወደ 13 ዝቅ አለለት።

«እንስሳው አንዴ ሞቷል፤ እኔ ብቀበለው ባልቀበለው አይነሳ» ያልከውን አልረሳሁም። ደንበኛህም እንዲሁ ሳይልህ አልቀረም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፣ ልጄ። ለአንተ የተሰጠችው ቁራጭ ከደንበኛህ ቤት ስትወጣ በቦታዋ ሌላ መግባት አለባት። የጎደለው ቦታ ነው ትእዛዙ። ትእዛዙ ከሃኖይ ለደላላ፣ ከደላላው ማፑቶ ወይም ጆሃንስበርግ ላለው ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው እንደ ማሲንጊር ላሉ የድንበር መንደር ልጆች ይደርሳል። ሦስት ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ተኳሽ፣ አንዱ ዱካ ተከታይ፣ አንዱ ስንቅና ውሃ ተሸካሚ። ጨረቃ ሙሉ የሆነችበትን ሌሊት ይመርጣሉ፤ ጠባቂዎቹም ያን ሌሊት አይተኙም። ቀንዱን ከነሥሩ ለማውጣት የእንስሳውን ፊት በመጥረቢያ ይከፍቱታል፤ አንዳንዴ ገና ነፍሱ ሳይወጣ። እናት ከሆነች ግልገሏ አጠገቧ ትቀራለች። አውራሪስ አንድ ግልገል ለመውለድ 15 ወይም 16 ወር ታረግዛለች፤ ሌላ እስክትወልድም ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። እንግዲህ በሰባት ዓመት ከ13 ወደ 1,215 የዘለለውን ቁጥር ከዚህ ጋር አስተያየው።

ልጆቹስ? ብዙዎቹ በዚያው ቀርተዋል፤ በጥይት ወይም በእስር። ከጠባቂዎቹም የሞቱ አሉ። ሃኖይ ላይ ከሚከፈለው ገንዘብ ለተኳሹ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ግን ቆርቆሮ ቤትና ሞተር ሳይክል ይገዛል፤ ጎረቤቱም ያየዋል። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። የሚታሰረው፣ የሚቀበረው እሱ ነው፤ ያዘዘውና የከፈለው ስሙ አይነሳም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አንተ ያቺን ቁራጭ ብትቀበል ከአይጡ ወገን እንጂ ከዳዋው ወገን አትቆጠርም። ይህን ሳለዝብ የነገርኩህ ስለምወድህ ነው።

አንዳንድ ፓርኮች እንስሳውን በመርፌ አደንዝዘው ቀንዱን ራሳቸው እየቆረጡ ነው፤ ጥፍር ስለሆነ አያመውም፣ ተመልሶም ያድጋል። በታላቁ ክሩገር አካባቢ ይህ በተደረገባቸው ስፍራዎች ግድያው በ78 በመቶ እንደቀነሰ ሳይንስ በተባለው መጽሔት በ2025 የወጣ ጥናት ተናግሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኛል። ሆኖም በዚያው ጥናት ቀንዳቸው ከተቆረጠ በኋላም ለቀረችው ጉቶ ሲባል የተገደሉ ከ100 በላይ ናቸው። የሚገዛ እስካለ ድረስ ጉቶዋም ዋጋ አላት።

ደንበኛህን ክፉ ሰው ነው እንዳትል። ነገሩ የክብር ነገር ነው፤ ክብርን ደግሞ እኛም እናውቀዋለን። የአያቶቻችን ጎራዴ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። መኳንንቱ ጠጅ የሚጠጡበት ዋንጫም ከዚያው ይቀረጽ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ቅቤ ተቀብቶ እየፎከረ ሲገባ እልል ይባልለት ነበር፤ ያልገደለ ሰርግ ቤት ውስጥ አንገቱን ይደፋ ነበር። አንተ ሰሊጥ የምትጭንበት የሰቲት ሑመራ ቆላ የማን አገር እንደነበር ታውቃለህ? ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1861 እና በ1862 የሰቲትን ወንዝ ተከትሎ ሲጓዝ፣ ሐምራን የሚባሉት አዳኞች ፈረስ ላይ ተቀምጠው አውራሪስን በጎራዴ ሲያድኑ አይቶ ጽፏል። ከእሱ ዘጠና ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ጄምስ ብሩስም ስለዚያው ቆላ የአውራሪስ አደን ጽፎ ነበር። ዛሬ በዚያ ምድር ሰሊጥና ማሽላ እንጂ አውራሪስ የለም። በደቡብ በኦሞ ወንዝ ዙሪያ የነበረውም ጠፍቷል። እኔ በዕድሜዬ አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁት፤ አንተም በገዛ አገርህ አታየውም። ገዳዩን ስናከብር ግልገሉን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ክብርን ያወጣው ሰው ነውና ሰው ሊለውጠው ይችላል። ለዚህ ምስክሬ ጎረቤታችን የመን ናት። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይብህ፤ ብዙ ሰው ይህን ታሪክ አያውቀውም።

የየመን ወንድ ልጅ ከፍ ሲል ወገቡ ላይ ጃምቢያ ይታጠቃል። የጩቤው እጀታ የቤተሰቡን ደረጃ ይናገራል፤ ከሁሉ የሚከብረው ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራው ነው፤ በእጅ እየተሻሸ በኖረ ቁጥር ያበራልና። ድሮ እንዲህ ያለውን የሚታጠቀው ትልቅ ሰው ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የመናውያን ወደ ሳዑዲ ለሥራ ጎረፉ፤ ገንዘቡም ወደ ቤታቸው ጎረፈ። የትልቅ ሰው እጀታ የሠራተኛውም ምኞት ሆነ። ልክ እንደ ዛሬው ሃኖይ፣ ያልነበረው ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የገዛው የከበሩትን ምልክት ነበር። ያኔ በዚህ በኩል ምን ሆነ? በኬንያ በ1970 20,000 ገደማ የነበረው ጥቁር አውራሪስ በ1980ዎቹ መጨረሻ 400 አልሞላም። በመላው አፍሪካ 65,000 ገደማ የነበረው በ1995 ወደ 2,400 ወረደ። ሁሉን የጨረሰችው የመን ናት አልልም፤ የሩቅ ምሥራቁ ገበያም ነበረ። አገሮች በ1977 ዓለም አቀፉን ንግድ በስምምነት ዘግተው ነበር፤ የሰሜን የመን መንግሥትም በ1982 ቀንድ ማስገባትን ከለከለ። ሕግ ብቻውን ግን የአህያ ባል ሆነ፤ ቀንዱ በኮንትሮባንድ ባሕር ይሻገር ነበር።

ኤስመንድ ብራድሊ ማርቲን የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ መኖሪያቸው ናይሮቢ። በየጥቂት ዓመቱ ሰንዓ እየተመላለሱ ገበያ ውስጥ ከጩቤ ሠሪ ወደ ጩቤ ሠሪ ይዞራሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። እኚህ ሰው የገባቸው ገዢውን ሳያናግሩ ጠባቂ ብቻ ቢያበዙ እንደማይበቃ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የየመን ታላቁ ሙፍቲ አውራሪስን ለእጀታ ብሎ መግደል ከፈጣሪ ፈቃድ ውጪ ነው ብለው ፈትዋ ሰጡ። ጩቤ ሠሪዎቹም እጀታውን ከውሃ ጎሽ ቀንድ መሥራት ለመዱ። የአገሪቱ ድህነትም፣ በኋላ የመጣው ጦርነትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ግን ተመልከት፤ የየመን ወንድ ዛሬም ጃምቢያውን ታጥቋል፣ በሰርግ ቀንም ያጌጥበታል፤ የጎደለ ወንድነት የለም። ማርቲን በ2018 ናይሮቢ ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ። ነፍሳቸውን ይማር።

ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ታይዋንም በየጊዜያቸው ትልቅ ገዢ ነበሩ፤ ዛሬ ስማቸው በዚህ ነገር ብዙ አይነሳም። ቬትናምም የማትተውበት ምክንያት አይታየኝም።

የሻንጣህንም ነገር ላንሳ። ትንሽ ናት፣ ለሕመምተኛ ናት ማለት በጉምሩክ ፊት አያድንህም። በሃኖይ አውሮፕላን ማረፊያ በ2019 125 ኪሎ ቀንድ በጂፕሰም ተለስኖ ከኤምሬትስ ሲገባ ተይዟል፤ የዚያ አገር ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። በእኛም አገር ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝና ማዘዋወር ወንጀል ነው። ቦሌ ደግሞ አፍሪካንና እስያን የሚያገናኝ በር ነውና ፈታሾቹ የሚፈልጉትን ያውቃሉ። ዛሬ አንዲት ቁራጭ በስጦታ የተቀበለ ሰው ነገ «ይችን እሽግ ለወዳጄ አድርስልኝ» ይባላል፤ ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። ማንም የታሸገ ነገር ቢሰጥህ ፈትተህ ሳታይ አትያዝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን እንዴት እንደምትመልስለት። ሰው ፊት አታሳፍረው፤ ማዕድ ላይ ካነሳው ዝም በል፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገረው። ቆይቶ ከሆነ ይከፋዋልና ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ በዚህ ሳምንት አድርገው። «አጎቴ አመስግኖሃል። ሐኪሙ ካዘዘው ሌላ ምንም አይወስድም። አውራሪስ ተገድሎ እኔ ልዳን አልልም ብሏል» በለው። የመጨረሻውን አረፍተ ነገር እንዳትዘልልኝ፤ እውነተኛው ምክንያት እሱ ነው። ባዶ እጅህን ልሰድህ አልችልም ካለ ሻይ ይስጥህ፤ የሃኖይ የሎተስ ሻይ ስሙ የታወቀ ነው፣ እኔም ሻይ እወዳለሁ።

ከሰማህ ደግሞ ስለ ካት ቲየን ጠይቀው። ካት ቲየን የራሳቸው ብሔራዊ ፓርክ ነው። የቬትናም የመጨረሻዋ አውራሪስ በ2010 እዚያ ሞታ ተገኘች፤ እግሯ ውስጥ ጥይት ነበር፣ ቀንዷም ተወስዷል። የእሷ ወገን የጃቫ አውራሪስ ይባላል፤ ዛሬ የቀረው በኢንዶኔዥያ አንድ ፓርክ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን የተያዙ አዳኞች 26 መግደላቸውን ማመናቸው በ2024 ተሰምቷል። ደንበኛህ ይህን ላያውቅ ይችላል። እንደ ከሳሽ ሆነህ አትንገረው፤ አንተም ስለ ሰቲት አጫውተው፣ ያያቶቻችንን ጎራዴም ሳትደብቅ ንገረው። ሁለታችሁም በገዛ አገራችሁ የነበረውን ያጣችሁ ሰዎች ናችሁና እኩል ሆናችሁ ትነጋገራላችሁ። በሚቀጥለው ማዕድ ላይ ቀንድ ሲቀርብለት ምን እንደሚል የሚወስነው እሱ ነው፤ የአንተ ድርሻ ሳያውቅ እንዳይወስን ማድረግ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ቅር ካለው ደብቀህ አትተወኝ፤ ስሙንና አድራሻውን ላክልኝ። እኔው በእጄ እጽፍለታለሁ፤ አንተ አስተርጉመህ ታደርስልኛለህ።